ጋሪ ኑማን፣ 1979፦ ጊታር የሌለበት አልበም እንዴት ይሰማል፣ ድምፆቹስ እንዴት ይሠራሉ?

ሞገድ_ኮዬፈጬ፦

እዚህ ክፍል ውስጥ ስለ ሲንተሳይዘር (በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥር መሣሪያ) በተነሳ ቁጥር ወሬው ወደ ጀርመንና ወደ ጃፓን ያደላል። ዛሬ አንድ የእንግሊዝ አልበም እናንሳ፤ ጋሪ ኑማን በገዛ ስሙ ያወጣው የመጀመሪያው፣ «ዘ ፕለዠር ፕሪንሲፕል»። ሴፕቴምበር 1979፣ አሳታሚው ቤጋርስ ባንኬት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ያዙልኝ።) ከዚያ በፊት ቱብዌይ አርሚ በሚል የባንድ ስም ሥራዎች ስላሉት «የመጀመሪያው አይባልም» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ይባላል ባይ ነኝ። የባንዱን ስም ብቻ ሳይሆን ጊታሩንም የጣለው እዚህ ላይ ነውና።

ታሪኩ ባጭሩ፦ በ1978 የጊታር ሙዚቃ ሊቀርጽ ስቱዲዮ ሲገባ እዚያ የተተወ ሚኒሙግ የሚባል ሲንተሳይዘር አገኘ። አንዱን ቁልፍ ቢጫነው ክፍሉን የሚያናውጥ ድምፅ ወጣ፤ ነገሩ ሁሉ ከዚያ ተቀየረ። በ1979 አጋማሽ በባንዱ ስም የወጣው ነጠላ ዘፈን በእንግሊዝ አንደኛ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ይህ አልበምም፣ ከውስጡ የወጣው «ካርስ»ም አንደኛ ሆኑ። «ካርስ» በ1980 አሜሪካ ውስጥ 9ኛ ድረስ ወጥቷል።

መሣሪያዎቹ ጥቂት ናቸው። ሚኒሙግ፣ ፖሊሙግና ኤአርፒ ኦዲሲ ከሲንተሳይዘር ወገን። ከሥራቸው ፖል ጋርዲነር በቤዝ ጊታር፣ ሴድሪክ ሻርፕሊ በእውነተኛ ድራም። ክሪስ ፔይን ኪቦርድና ቪዮላ ይጫወታል፣ ቢሊ ከሪ በአንዳንዱ ላይ ቫዮሊን ይዞ ይገባል። አለቀ። የመሪ ጊታር የለም፣ የሪትም ጊታር የለም፣ የድራም ማሽንም የለም። ብዙ ሰው የሚስተው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ ድምፁ ስለቀዘቀዘ ሁሉንም ማሽን የመታው ይመስለዋል። የዚህ አልበም ጥበብ ግን ማሽኑ ላይ ላዩን ሆኖ፣ ከሥር ሁለት ሰዎች በላብ መጫወታቸው ነው።

አሰማሙን በተመለከተ ከ«ካርስ» አትጀምሩ፤ ጆሯችሁ ለምዶታል። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሩ። «ኤርሌን» ግጥም የለውም፣ የመሣሪያዎቹ ትውውቅ ነው። ቀጥሎ «ሜታል»ን ስትሰሙ ሚኒሙጉንና ቤዝ ጊታሩን ለዩ፤ አብረው ሲሄዱም፣ አንዱ ሌላውን ሲለቅቀውም ይሰማል። «ኮምፕሌክስ» ላይ ዝግታው ይመጣል፣ ቪዮላው እዚያ ነው። «ፊልምስ»ን ለድራሙ ብቻ አንድ ጊዜ ስሙት። «ኤም.ኢ.» በምድር ላይ ብቻዋን የቀረች የመጨረሻ ማሽን የምትናገረው ነው። በዚህ ሁሉ መሐል የዘፈኖቹ ርዕስ እንኳ አንዳንድ ቃል ብቻ መሆኑን ልብ በሉ፤ ሰውየው ምን ያህል ቆጣቢ እንደሆነ ያሳያል።

ከዚያ «ካርስ»። የሚዘፈን አዝማች የለውም። አዝማቹን የያዘው ማሽኑ ነው፤ ሁለተኛው አጋማሽም ሙሉ በሙሉ በመሣሪያ ብቻ ያልፋል። ለፖፕ ዘፈን ይህ ድፍረት ነው። ዜማውን የጻፈው ደግሞ በቤዝ ጊታር ነው፤ ለዚህ ነው ሪፉ (እየተደጋገመ የሚመጣው አጭር ዜማ) ለጣት የሚመች።

ድምፆቹን በቤት ኮምፒውተር ማውጣት የምትችሉ ሰዎች እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ኑ፣ አካፍሉ።

ከበሮ_ሰንዳፋ፦

ሞገድ ስለ ድራሙ ያልከው ላይ ልጨምር፤ አብዛኛው «የ80ዎቹን ድምፅ አወጣሁ» የሚል ሰው የሚወድቀው እዚህ ነውና።

«ካርስ» በደቂቃ 128 አካባቢ ነው የሚመታው። አንድ ምት ወደ 469 ሚሊሰከንድ፣ አንድ አሥራ ስድስተኛ ወደ 117 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። ሁለት ባር ቀርጸህ ደጋግመህ ካስኬድከው፣ የቱንም ያህል ጥሩ የድራም ናሙና ብትይዝ አልበሙን አይመስልም። ሻርፕሊ ዘፈኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ የመታ ሰው ነው። ስለዚህ በፓድም ይሁን በኪቦርድ ቁልፍ ሙሉውን በእጅህ ምታ፣ ከዚያ ወደ ሶፍትዌሩ የምት ፍርግርግ አጥብቀህ አትሳበው። ሶፍትዌሩ «ኳንታይዝ» ሲል 100 በመቶ አትስጠው፤ ከ40 እስከ 60 በመቶ ይበቃዋል። ኪኩን (በእግር የሚመታውን ትልቁን ከበሮ) ጠበቅ፣ ስኔሩን (በዱላ የሚመታውን) ላላ አድርገው።

ከበሮውን ደረቅ አድርገው። ረጅም ሪቨርብ (ማስተጋባት) ያለው ትልቅ ስኔር በኋላ የመጣ ፋሽን ነው፤ 1979 ላይ አልደረሰም። የስኔሩ ጅራት ከ200 ሚሊሰከንድ በላይ ከቆየ ሲንተሳይዘሩ የሚቀመጥበት ቦታ ያጣል። የታምቡሪኑን ቦታም አትርሳ፣ ከፍተኛውን ድምፅ የሚሞላው እሱ ነው። ስለዚህ ሃይ-ሃቱን በ2 ወይም በ3 ዲሲቤል ዝቅ አድርገህ ታምቡሪኑን አምጣው። ታምቡሪን ከሌለህ ጸናጽል አትጠቀም፣ ድምፁ ሌላ ቦታ ይወስድሃል።

ቤዝ_ለገጣፎ፦

የሚኒሙጉን ቤዝ እኔ ልውሰደው። ነጻ የሆነውን የኮምፒውተር ሲንተሳይዘር፣ ሰርጅ ኤክስቲን እንጠቀም፤ ያለ ክፍያ ይወርዳል፣ መካከለኛ ላፕቶፕም ይችለዋል።

ሦስቱንም ኦሲሌተር (ድምፁን የሚያመነጨውን ክፍል) «ክላሲክ» ላይ አድርጉና የሞገዱን ቅርጽ ወደ ሳው (የመጋዝ ጥርስ) ውሰዱ። አንደኛው 0 ላይ ይቀመጥ፣ ሁለተኛው በ6 ሳንቲም (ሳንቲም የአንድ ሰሚቶን፣ ማለትም የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው) ከፍ ይበል፣ ሦስተኛው አንድ ኦክታቭ ወርዶ በ4 ሳንቲም ዝቅ ይበል። የሦስተኛው መጠን ከሌሎቹ በ3 ዲሲቤል ያንስ። እዚህ ላይ ስህተት የሚመጣው «ወፍራም ይሁን» ተብሎ 15 እና 20 ሳንቲም ሲሰጥ ነው። ምክንያቱ ሒሳብ ነው፦ 110 ኸርዝ ላይ 6 ሳንቲም ልዩነት በየ2.6 ሰከንዱ አንዴ የሚያብጥ ዝግ ያለ ሞገድ ይሰጣል። 440 ላይ ግን ያው 6 ሳንቲም በሰከንድ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይመታል። ታች ላይ ጥሩ የነበረው ላይ ስትወጡ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ለመሪ ዜማ ያንኑ ፓች (የድምፅ ቅንብር) ስትጠቀሙ ልዩነቱን ወደ 2 ወይም 3 ሳንቲም አውርዱት።

ፊልተሩ «ቪንቴጅ ላደር»፣ ከትኦፍ (ማጣሪያው መቁረጥ የሚጀምርበት ቦታ) ከ400 እስከ 600 ኸርዝ፣ ሬዞናንስ 10 በመቶ ገደማ። የፊልተር ኤንቨሎፑ (ፊልተሩ በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ የሚመራው) በ24 ሰሚቶን ይክፈተው፤ አታክ 3 ሚሊሰከንድ፣ ዲኬይ 350፣ ሰስቴይን 40 በመቶ። ሪሊዝን (ቁልፉ ከተለቀቀ በኋላ ድምፁ የሚጠፋበትን ጊዜ) በተመለከተ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ሚኒሙግ የብቻው ሪሊዝ የለውም። ከግራ በኩል ያለ ማብሪያ ሲበራ የዲኬዩን ጊዜ ለሪሊዝም ይጠቀምበታል፣ ሲጠፋ ድምፁ ወዲያው ይቆረጣል። ስለዚህ ወይ ሪሊዝን ከዲኬይ እኩል አድርጉ፣ ወይ 5 ሚሊሰከንድ ላይ አውርዱት። መሐል ላይ የተቀመጠ ሪሊዝ «ሶፍትዌር ነኝ» ብሎ ራሱን ያጋልጣል።

አጫዋወቱን «ሞኖ ኤስቲ» ላይ አድርጉት። ይህ ማለት አንዱን ቁልፍ ሳትለቁ ሌላውን ስትጫኑ ኤንቨሎፑ እንደገና አይነሳም። ፖርታሜንቶ (ከኖታ ወደ ኖታ መንሸራተቻው) ከ40 እስከ 60 ሚሊሰከንድ። ሪፉን ስትጫወቱ ሁለቱ ኖታዎች ሲደራረቡ ለስላሳ መንሸራተት፣ ሲነጣጠሉ ጠንካራ ምት ታገኛላችሁ። ይህ በአውቶሜሽን አይመጣም፣ በጣት ነው።

በመጨረሻ ፌዘር ወይም ፍላንጀር (ድምፁን የሚያወዛውዙ ኢፌክቶች)፦ ፍጥነት 0.25 ኸርዝ፣ ድብልቁ 35 በመቶ። ከ120 ኸርዝ በታች ያለውን ግን ሞኖ አድርጉና ከፍላንጀሩ አውጡት፤ አለበለዚያ ታችኛው ድምፅ እየመጣ እየሄደ ስፒከሩን ያደክማል። ኑማን ሲንተሳይዘሩን በጊታር ፔዳል የሚያሳልፍ ሰው ነበር። ሻካራነቱም እንቅስቃሴውም ከዚያ ይመጣል።

ቤዝ ጊታር ያላችሁ ያንኑ ሪፍ በመምቻ ተጫውታችሁ ከሥሩ አስገቡት። የጊታሩን ከ700 ኸርዝ በላይ ያለውን ጠቅታ ጠብቁ፣ ከ90 በታች ያለውን ቁረጡ። ታችኛው የሙጉ፣ ጠቅታው የጊታሩ። ሁለቱም ታች ከተጋፉ ማንኛቸውም አይሰሙም።

ጀማሪው_ገላን፦

ሰላም እህቴ። የሠርግ ቤት ዓይነት ኪቦርድ ነው ያለው፣ ያማሃ ፒኤስአር ኢ። በሱ ይሆናል? ላፕቶፕ አለ።

ቤዝ_ለገጣፎ፦

የኪቦርዱ ውስጥ ያሉት ድምፆች አይሆኑህም፤ ኦሲሌተሩን ነጣጥለህ መቀየር አትችልም። ቁልፎቹ ግን በደንብ ይሆናሉ። ከጀርባ «ዩኤስቢ ቱ ሆስት» የሚል ካለ በፕሪንተር ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘው። «ሎካል ኮንትሮል»ን ከፈንክሽን ሜኑ ውስጥ አጥፋ፤ ካላጠፋኸው የኪቦርዱም የሶፍትዌሩም ድምፅ በአንድ ላይ ይጮህብሃል። ዊንዶውስ ከሆነ አሲዮ-ፎር-ኦል (የድምፅ ድራይቨር) ጫን፣ በፈሩን (ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበትን) 256 ላይ አድርግ። ቁልፉን ከተጫንክ በኋላ ድምፁ ከዘገየ ወደ 128 አውርደው፤ መንጣጣት ከጀመረ መልሰው።

ሸክላ_አየርጤና፦

ልጆች፣ ሁሉን በአድናቆት አታሳልፉት። ይህን አልበም አከብረዋለሁ፣ ግን ቅንብሩ ስስ ነው። አንድ ሪፍ ይመጣል፣ ይደገማል፣ ላዩ ላይ ረጅም ኖታ ይጋደማል፣ ያልቃል። ድምፃዊውም ከአንድ ስሜት አይወጣም። ሁለተኛው ገጽ ላይ «ኦብዘርቨር»ን ከ«ካርስ» ጋር አነጻጽሩት፤ ወንድማማች ናቸው፣ አንዱ ግን ሥራ ያልጨረሰ ወንድም ነው።

ሙግን ከራሳችን ጋር ማነጻጸር ካማራችሁ በ1985 ሃይሉ መርጊያ አሜሪካ ሆኖ ብቻውን የቀረጸውን ካሴት ስሙ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረ ሰው ነው፤ አኮርዲዮን፣ ሮድስ (የኤሌክትሪክ ፒያኖ)፣ ሙግ፣ ያማሃ ዲኤክስ7ና የድራም ማሽን ይዞ የቆየ ዜማ ተጫወተ። በ2013 በውጭ ታትሞ ዓለም ሰማው። የሚገርመው ተቃራኒነታቸው ነው፦ እንግሊዛዊው ሰው ድራም እየመታለት የማሽን ሙዚቃ ሠራ፤ የኛው ማሽን ድራም እየመታለት የሰው ሙዚቃ ሠራ። ለኔ የሁለተኛው ይበልጣል።

አንድ ተግባራዊ ነገርም ልበል። ይህን አልበም በሸክላ የሚሰማ ሰው ከአሜሪካ የመጣ ማጫወቻ ካለው ይጠንቀቅ። ትራንስፎርመሩ 220 ቮልቱን ወደ 120 ያወርዳል እንጂ 50 ኸርዙን 60 አያደርገውም። በመብራቱ ኸርዝ የሚዞር ሲንክሮነስ ሞተር ከሆነ 33 ከሲሶው ወደ 27.8 ይወርዳል። ድምፁ ከሦስት ሰሚቶን በላይ ይወድቃል፣ 128 የነበረው ምት 107 ይሆናል። ኑማን በዚህ ፍጥነት ሲሰማ እንዲያውም የበለጠ ጨለማ ይሆናል፤ «እንዴት የሚያስፈራ አልበም ነው!» የሚሉም አሉ። አልበሙ እንዲያ አይደለም፣ ማጫወቻው ነው። ዳይሬክት ድራይቭና በዲሲ ሞተር የሚሠሩት ይህ ችግር የለባቸውም።

ሞገድ_ኮዬፈጬ፦

ጋሼ፣ ስለ «ኦብዘርቨር» እውነትዎን ነው፤ አልከራከርም። ስስ ነው ያሉት ላይ ግን አልስማማም። ስስነቱ የታሰበበት ነው። ጊታሩን ሲያወጣ መካከለኛው ድምፅ፣ ከ300 እስከ 2,000 ኸርዝ ያለው፣ ባዶ ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን ያንን በአምስት ኪቦርድ ይሞላው ነበር። እሱ የራሱን የዘፈን ድምፅ ብቻ እዚያ አስቀመጠ። ቤዙ ታች፣ ፖሊሙጉ ላይ፣ መሐሉ ላይ አንድ አፍንጫዊ ድምፅ ብቻውን። ለዚህ ነው ሰውየው ባዶ አዳራሽ ውስጥ የቆመ የሚመስለው። ስሜቱን የሚሰጠው ግጥሙ አይደለም፣ ክፍተቱ ነው።

ሃይሉ መርጊያን ማንሳትዎ ደስ ብሎኛል። እሱ ላይ መሐሉን አኮርዲዮኑ ይዞታል። ሁለቱም ቦታ መምረጥ ያውቃሉ።

አሁን ወደ ፖሊሙጉ። የአልበሙ ፊርማ የሆነው ከፍ ያለ፣ የሚያለቅስ ድምፅ «ቮክስ ሁማና» ይባላል፤ በፖሊሙግ 280ኤ ላይ ከፋብሪካው ተሠርቶ የመጣ ድምፅ ነው። ቀደም ብሎ የወጣው 203ኤ ሌላ መሣሪያ ነው፤ ስሙን ብቻ አይታችሁ የ203ኤ ናሙና ካወረዳችሁ ድምፁን አታገኙትም።

ፖሊሙግ 71 ቁልፍ አለው፣ ሁሉንም በአንዴ ብትጫኑ ሁሉም ይጮሃሉ። ይህ የሆነው ላይኛው ኦክታቭ ላይ ያሉት ኖታዎች ተፈጥረው፣ ታችኞቹ እነሱን ለሁለት እያካፈሉ ስለሚገኙ ነው። ውጤቱ ለፓች ሠሪ ትልቅ ትርጉም አለው። ሁሉም ኖታ ከአንድ ምንጭ ስለሚወርድ ንዝረቱም አንድ ነው፤ አምስት ጣት ብትጫኑ አምስቱም እኩል ከፍ እኩል ዝቅ ይላሉ። በተለመደ ሶፍትዌር ግን እያንዳንዱ ኖታ የራሱን ንዝረት ይጀምራል፣ የመዘምራን ቡድን ይመስላል፤ ኑማን ይጠፋል። ሰርጅ ውስጥ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ንዝረቱን ከቮይስ ኤልኤፍኦ (ኤልኤፍኦ ሌሎች ቅንብሮችን የሚያወዛውዝ ዝግ ሞገድ ነው) ሳይሆን ከሲን ኤልኤፍኦ አምጡት። ሲን ኤልኤፍኦ ለሁሉም ኖታ አንድ ነው።

ቀሪው እንዲህ ነው። ሁለት የፐልስ ኦሲሌተር፣ በመካከላቸው 5 ሳንቲም። «ድሪፍት» የሚለውን 0 አድርጉት፣ ዩኒሰንን አትንኩ። የፐልሱን ስፋት በ0.4 ኸርዝ ሲን ኤልኤፍኦ ቀስ ብላችሁ አንቀሳቅሱ፣ ከ30 እስከ 50 በመቶ። ፒቹን በሌላ ሲን ኤልኤፍኦ፣ 5.5 ኸርዝ፣ 12 ሳንቲም ወደ ላይ 12 ወደ ታች። አታክ 80 ሚሊሰከንድ፣ ሪሊዝ 700። ከዚያ ኢኩዌላይዘር፦ 800 ኸርዝ ላይና 1,200 ኸርዝ ላይ እያንዳንዳቸው 6 ዲሲቤል ጉብታ። «አ» ስንል አፋችን የሚያጎላቸው ሁለቱ ቦታዎች በዚያ አካባቢ ስለሆኑ ድምፁ ሰው ሰው ይላል። ከ5,000 በላይ ቀስ አድርጋችሁ አውርዱ። በመጨረሻ «ኤንሴምብል» 30 በመቶ፣ አጭር ፕሌት ሪቨርብ 1.8 ሰከንድ።

ከመካከለኛው ሲ በታች አትጫወቱት። ታች ሲወርድ ልክ እንደ በግ ይጮሃል።

ፊዩዝ_ሰበታ፦

ፓቹን ሁሉ ሠርታችሁ ከስፒከሩ «ዝዝዝ» የሚል ከሰማችሁ ሲንተሳይዘሩን አትውቀሱ። ከከተማው ዳር ባሉ አዳዲስ ሰፈሮች ሦስት ነገር ነው የሚያጋጥመው።

አንደኛ፣ የላፕቶፕ ቻርጀር። ቀጭን ጩኸት ከሆነና ማውሱን ሲነኩ የሚቀያየር ከሆነ ቻርጀሩን ንቀሉ። ከጠፋ መንስኤው የኧርዝ ዙሪያ ነው፤ ላፕቶፑና ስፒከሩ በተለያየ መንገድ ወደ መሬት እየሄዱ ነው። ሁሉንም ከአንድ ማከፋፈያ ሰኩ። ካልተሻለ በላፕቶፑና በስፒከሩ መሐል አንድ ለአንድ የሆነ የኦዲዮ ትራንስፎርመር አስገቡ። የኧርዟን እግር ቆርጦ መጣል ግን በፍጹም! ጩኸቱ ይጠፋል፣ የብረቱ አካል ላይ 220 ቢመጣ ግን መሄጃ የለውም፤ ማይክ የያዘው ሰው ነው መሬቱ።

ሁለተኛ፣ ወፍራም የ50 ወይም የ100 ኸርዝ ጉምጉምታ። ብዙ ቤት ሶኬቱ ሦስተኛ ቀዳዳ አለው፣ ከጀርባው ግን የተያያዘ ሽቦ የለም። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ የመሬቱን ዘንግ አስለኩ፤ ዘንግ ጭራሽ ካልተቀበረ አስቀብሩ። በበጋ መሬቱ ሲደርቅ የዘንጉ መቋቋም ይጨምራል፣ ስለዚህ በክረምት የተለካውን አትመኑ።

ሦስተኛ፣ ማታ ማታ ቮልቴጁ ሲወርድ ስታቢላይዘሩ «ቀጭ» እያለ ይቀያይራል። ያ ቀጭታ ቀረጻ ውስጥ ይገባል። ዩፒኤስ ላይ የሚቀርጽ ሰው ደግሞ ውጤቱ ንጹህ ሳይን የሆነውን ይግዛ፤ በደረጃ የተቆራረጠ ሞገድ የሚሰጠው ርካሹ በመጨረሻ ስፒከሩ ላይ እንደ ንብ ያጉረመርማል። የተሻለው ላፕቶፑን ከሞላ ባትሪ ጋር ነቅሎ፣ በሄድፎን መቅረጽ ነው።

ከበሮ_ሰንዳፋ፦

ንብም በግም አስገባችሁበት፣ ግብርና ሆነ እኮ።

ድምፅ (ዘፈኑን) ለምትቀርጹ አንድ ነገር፦ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሆናችሁ በክረምት ከሰዓት በኋላ አትሞክሩት። ኮርኒስ ቢኖርም የዝናቡ ድምፅ ይገባል፣ በኋላም አይወጣም። ማለዳ ይሻላል፣ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ በቅርብ ከሌለ። በጾም ወቅት ከቅዳሜና እሑድ በቀር ቅዳሴው ወደ ቀትር ስለሚሄድ ማለዳው ይቀላል፤ ሰዓታችሁን በዚያ አስሉ። ዳይናሚክ ማይክ ውሰዱ፣ ኮንደንሰር የጎረቤትን ጄኔሬተር ሳይቀር ይሰማል። ከአፍ 10 ሴንቲሜትር፣ ከጀርባችሁ ፍራሽ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ። 90 ኸርዝ ላይ ታችኛውን ቁረጡ።

የኑማን አዘፋፈን ንዝረት የለውም። ቃሉን ይናገረዋል፣ መጨረሻውን ቀጥ አድርጎ ይተወዋል። ለኛ ድምፃውያን ከባዱ ይህ ነው፤ ጉሮሮ ሳይታዘዝ ቅላጼ ያስገባል። ንዝረቱ የፖሊሙጉ ድርሻ ስለሆነ ዘፋኙም ከነዘረ ሁለቱ ይጣላሉ።

አንቺሆዬ_ሱሉልታ፦

ቅላጼ ከተነሳ ቅኝትም ይነሳ። ይህን የድምፅ ዓለም በኛ ቅኝት መሞከር የምትፈልጉ አምስተኛ ላይ የተቆለፈ ኦሲሌተር (አንዱ ከሌላው በ7 ሰሚቶን ከፍ ያለ) አትጠቀሙ። በሲንተሳይዘር ሙዚቃ የተለመደ ብልሃት ነው፤ በምዕራቡ ሚዛን ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ በኛ ግን ከቅኝት ቅኝት ይለያያል።

አምባሰልን ከሲ ብንነሳ፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። ሲ ላይ አምስተኛው ጂ ነው፣ አለ። ዲ ፍላት ላይ ኤ ፍላት፣ አለ። ኤፍ ላይ ሲ፣ አለ። ጂ ላይ ግን ዲ ይመጣል፣ በቅኝቱ የለም፤ ከዲ ፍላቱ ጋር ይፋጫል። ኤ ፍላት ላይም ኢ ፍላት ይመጣል፣ እሱም የለም። ከአምስቱ ሦስቱ ይሠራሉ።

አንቺሆዬ ይባስ ነው፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። መነሻው ራሱ አምስተኛ የለውም! ንጹሕ አምስተኛ የሚገኘው ኤፍ ላይ (ሲ) እና ጂ ፍላት ላይ (ዲ ፍላት) ብቻ ነው። ስለዚህ መነሻው ላይ ኦክታቭ ብቻ ጣሉ፤ እነዚህ ሁለት ቦታዎች ሲደርሱ አምስተኛውን በእጅ ጨምሩ። ደግነቱ ኑማን ራሱ በኮርድ የሚያጨናንቅ ሰው አይደለም። አንድ መስመር ታች፣ አንድ መስመር ላይ፤ የመሲንቆና የድምፃዊ አቀማመጥ ይህ ነው፣ ስለዚህ አልበሙ ለኛ ጆሮ ከብዙ የፈረንጅ ፖፕ የተሻለ በር ይከፍታል። ቮክስ ሁማናውን ከንዝረቱ ቀንሳችሁ ፖርታሜንቶ 90 ሚሊሰከንድ ብትሰጡት ወደ መሲንቆ ይጠጋል።

ሰርጅ የማስተካከያ ፋይል ይቀበላል፤ እያንዳንዱን ኖታ በሳንቲም ለይታችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ። መጀመሪያ ግን በጆሮ የምታምኑት የክራር ተጫዋች ቀረጻ አስቀምጡና ከሱ ለኩ፣ ከመጽሐፍ አትቅዱ።

ጀማሪው_ገላን፦

ሎካል ኮንትሮሉ ጠፍቷል፣ ሠርቷል። አመሰግናለሁ እህቴ። ጋሼ፣ ያ 27.8 የሚዞረው ማጫወቻ መፍትሔ የለውም እንዴ?

ሸክላ_አየርጤና፦

አለው ልጄ። ሞተሩ ላይ ቀበቶው የሚጠመጠምበትን ትንሽ ፑሊ በ1.2 እጥፍ ማስወፈር ነው፤ ጥሩ ቶርኖ ቤት ከነሐስ ይቀርጸዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የቀበቶውን ውፍረት ሳይቆጥር ሲቀር ነው። ፑሊው 10 ሚሊሜትር፣ ቀበቶው 0.6 ቢሆን የሚሠራው ዲያሜትር 10.6 ነው። በ1.2 ሲባዛ 12.72፣ ቀበቶው ሲቀነስ 12.12 ሚሊሜትር አስቀርጽ። ቶርነሩ «12 ይበቃል» ካለህ እሺ አትበል፤ ድምፁ በ16 ሳንቲም ዝቅ ብሎ ይቀራል፣ ከኪቦርድህ ጋር አብረህ ስትጫወት ይታወቅሃል።

ፍጥነቱን ለማየት 180 መስመር ያለው የ50 ኸርዝ ስትሮብ ወረቀት አትመህ በድሮው ክር ያለው አምፖል ሥር አስቀምጠው። ብዙ ኤልኢዲ አምፖል ስለማይርገበገብ መስመሮቹ ሁሌም ተጨፍልቀው ነው የሚታዩት።

የፑሊው ቀዳዳ ከመሐል ትንሽ ከሳተ ደግሞ የሸክላው ድምፅ ይንቀጠቀጣል። ባለ 24 ፖል ሞተር በ50 ኸርዝ በደቂቃ 250 ጊዜ ይዞራል፣ በሰከንድ አራት ጊዜ ገደማ መሆኑ ነው፤ ከፖሊሙጉ ንዝረት ጋር ስለሚቀራረብ በዚህ አልበም ብትፈትነው አትለየውም። በፒያኖ ሸክላ ፈትነው።